የሎርድ ትሬንዊክ ሽምግልና

ነገሩ የተበላሸው ሎርድ ትሬንዊክ «ይቀመጡ» ሲባሉ በመቀመጣቸው ነው።

«ይቀመጡ» የተባሉት እንዲቀመጡ አልነበረም። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ይቀመጡ ሲባል «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ በሩ ሥር ይገተራል። ባለቤት ይለምናል፣ ሽማግሌ እምቢ ይላል፤ ባለቤት እንደገና ይለምናል፣ ሽማግሌ አሁንም ይግደረደራል። እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ጉልበት መክዳት ሲጀምር ሁሉም በክብሩ ይቀመጣል። ሎርዱ ግን «በጣም አመሰግናለሁ» አሉና፣ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሳብ አድርገው ቁጭ አሉ። ያውም የትም አይደለም፤ የልጅቷ አባት መንገሻ ለራሱ ባዘጋጃት፣ ሳሎኑን ሁሉ በምታሳየው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ። አስተርጓሚ ሆኖ አብሯቸው የመጣው ሀብቱ ይቁም ይቀመጥ ግራ ገብቶት ግማሽ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ።

መንገሻ ሚስቱን የወርቅውሃን አየ። የወርቅውሃ ጣሪያውን አየች። በሴቷ ወገን እንዲቀመጥ የተጠራው የግድግዳ ጎረቤታቸው ክንፉ ሳቁን በሳል ዋጠው።

እዚህ የተደረሰው እንዲህ ነው። ሊሊ ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች የመንገሻ አንድያ ልጅ ናት። ሳንታ ክላራ ከምትሠራበት የኮምፒውተር ኩባንያ ኔድ የሚባል እንግሊዛዊ ወደደች፤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ሚጥሚጣ ሲቀምስ ዓይኑ እያለቀሰ «በጣም ጥሩ ነው» የሚል ጨዋ ልጅ። የክርስትናውን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። መንገሻ ግን መጀመሪያ ሲሰማ አኩርፎ ነበር። ቤት ውስጥ የሚናገረው ለቴሌቪዥኑ ብቻ ሆኖ ሰነበተ። አንድ ቀን ሊሊ፣ ለነገሩ ሳትጨነቅ፣ የኔድ አባት ሎርድ መሆናቸውን ጣል አደረገች። ኩርፊያው በዚያው ሰዓት ለቀቀው።

መንገሻ የኤርፖርት ሹትል ነጂ ነው። ተሳፋሪ እስኪወርድለት ድረስ ከተርሚናሉ ውጭ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ስልኩ ላይ የሎርዱን ሕይወት ሲያጠና ከረመ። ማታ ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ይተርክላታል። ሎርድ ትሬንዊክ የተወለዱት የጭስ ማውጫውን ብዛት ባለቤቶቹም በማያውቁት ቤት ነው። ገና ጥርሳቸው ሳይነቀል አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያ በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠቡ፣ በአርጩሜ እየተገረፉ አድገው ሲወጡ ለቤተ መንግሥት ተስማሚ ሆነው ተገኙ። የቤተ መንግሥት ሥራቸው ቀጭን ነጭ ዘንግ ይዞ ከዙፋኑ ፊት ወደ ኋላ መራመድ ነበር። ምንጣፍ ሳይጠልፋቸው፣ በር ሳይገጫቸው፣ ወደ ኋላ። ለዚህም ሜዳልያ ተሸለሙ። ቀጥሎ ዲፕሎማት ሆነው ሞቃት ሞቃቱን አገር ሁሉ ዞሩ። የተጣላ ሕዝብ በተገኘ ቁጥር የሚላኩት እሳቸው ናቸው። አንድ አገር ሆኖ የተቀበላቸው ሁሉ ሲሸኛቸው ሁለት አገር ሆኖ ነው። ለዚህም ሜዳልያ ተሸለሙ።

የወርቅውሃ ኮንኮርድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ውላ የደከማት ሰው ናት። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣

«ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?» አለች።

«ሎርድ ነው።»

«እሱማ ገባኝ። ሥራውን ነው የጠየቅኩህ።»

ኔድ አንድ እሁድ ምሳ ሲጋበዝ መንገሻ ሰባት ቤት አስቆጠረው። ዝምድና ፈርቶ አይደለም፤ የኦክላንድ ሹፌርና የእንግሊዝ ሎርድ በየትኛዋ አክስት ይገናኛሉ። ግን ወግ ነው። ልጁ ሹካውን አስቀምጦ ጀመረ፤ ሰባተኛው ላይ ያበቃል ሲሉት አልፎ ሄደ፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ቆጠረ። ከቀደሙት አንዱ የንጉሥ ባለሟል ነበሩ አለ። ለንጉሡ እየተላኩ ሚስት ሲያጩለት፣ ጦርነት ሲያስጀምሩለት፣ ዕርቅ ሲያወርዱለት ኖረው በመጨረሻ ንጉሡ አንገታቸውን አስቆረጣቸው። መንገሻ በምን ጥፋት እንደሆነ ቢጠይቀው ኔድ ትከሻውን ነቀነቀ፤ በቤተሰቡ ይህን የጠየቀ ሰው እንዳላጋጠመው ተናገረ።

እንግዳው ሲሄድ የወርቅውሃ አማተበች። መንገሻ ግን ደስታው አላስቀምጥ አለው።

«የተራ ሰው አንገት ይታነቃል እንጂ በሰይፍ አይቆረጥም» አላት። «ንጉሥ ራሱ አዝዞ ነው ያስቆረጣቸው። እስቲ ከኛ ዘር እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

«የኛዎቹማ ምን አገኙ፣ ከነጭንቅላታቸው ነው የሞቱት» አለችው።

የመንገሻም ወገን ቢሆን ባዶ አይደለም። የእናቱ አያት ፊታውራሪ ናቸው። የት እንደዘመቱ፣ ማንን እንደመሩ የሚያውቅ ባይኖርም ፊታውራሪነታቸው አያጠራጥርም። ኦክላንድ ውስጥ የፊታውራሪ ወይም የቀኛዝማች የልጅ ልጅ ያልሆነ ሐበሻ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ያን ሁሉ መሬት ማን ያርሰው እንደነበር እስካሁን አልታወቀም።

እንግዲህ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ኔድ ከአባቱ የተሻለ ሽማግሌ ከየት ይመጣል ብሎ ሎርዱን ከእንግሊዝ አስጠራቸው። ቋንቋውንና ወጉን እንዲያውቅላቸው ደግሞ ሀብቱ ተጨመረ። ሀብቱ ቀን የመኪና ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ ቅዳሜና እሁድ ሽማግሌ ነው። ከሄይዋርድ እስከ ኮንኮርድ ካለው ትዳር ግማሹን ያሰረው እሱ ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ ፈትቶታል። የዚያን ቅዳሜ ሎርዱን ኔድ ከሚኖርበት ከሳን ሆዜ ጭኖ ሲመጣ፣ በመንገድ ላይ የሽምግልናውን ሥርዓት ከሀ እስከ ፐ ሊያስረዳቸው ነበር ዕቅዱ። ሎርዱ ግን ገና ቀበቶ ሳያስሩ «እርስዎስ፣ የት ተወለዱ?» ብለው ጠየቁት። ባለሟልነት ማለት ይህ ነው፤ ሰውን ስለ ራሱ መጠየቅ። ሀብቱ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ከኢሚግሬሽን በቀር ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሄይዋርድ ሲደርሱ ገና የልጅነቱን አልጨረሰም፤ ኦክላንድ ሲገቡ ወታደር ቤት ነበር። መኪናውን ሲያቆም ሥርዓቱ ትዝ አለው፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ዲፕሎማት የነበሩ ሰው ይህ ይጠፋቸዋል ብሎ አልጠረጠረም።

እና ሎርዱ ተቀመጡ።

መንገሻ ያን ዕለት እንግሊዝኛ አልችልም ብሏል። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር በእንግሊዝኛ ሲከራከር የሚውል ሰው፣ ልጄ የምትጠየቀው በአባቷ ቋንቋ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ ሎርዱ አጭርና ለስላሳ ንግግር አደረጉ፤ ሀብቱ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገር ጨምሮ ረጅምና ጠንካራ አድርጎ ተረጎመው። አሁን ተራው የመንገሻ ነው።

መንገሻ በልቡ የቆረጠው ነገር ነበረው። በመጀመሪያው ቀን አይሆንም፤ በሁለተኛው ቀን እስቲ እናያለን፤ በሦስተኛው እልል። ወጉም ወደዚያው ነው፤ እሱ ግን ከወጉ ሌላ የራሱ ጉዳይ ነበረው። ወጣት ሳለ የእንግሊዝ ቪዛ ጠይቆ፣ በመስኮት አንዲት ሴት ፈገግ እያለች ከልክላዋለች። ያቺን ፈገግታ ባሕር ተሻግሮም አልረሳትም። እንግሊዝ ስንቱን ደጅ አስጠንታለች፤ እስቲ አንድ ሎርድ የመንገሻን ደጅ ይጥና። ይህን ለክንፉ በአጥር ላይ ሲነግረው ነበር የሰነበተው።

ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ልጃችን ገና ልጅ ናት አለ፤ ሊሊ ሠላሳን ልትደፍን ነው። ዘመድ አዝማድ አልመከረበትም አለ። «ስለዚህ አይሆንም» ብሎ ደመደመ። እዚህ ላይ «ለዛሬው» የሚል ቃል፣ ከኋላውም «ደግሞ ብቅ በሉ» የሚል ጅራት አለ፤ ወግ የሚያውቅ አባት አይዘልለውም። መንገሻ ግን ሎርዱ ወንበሩን ተደግፈው፣ እግራቸውን አጣምረው ሲያያቸው ጅራቱን ዋጠው። ሀብቱ የቀረውን ሲጠብቅ፣ መንገሻ ከንፈሩን ሲገጥም፣ ምንም የሚመጣ ነገር ሲጠፋ፣ የተባለውን እንደተባለ ተረጎመው።

ሎርዱ ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ሙሉ በሙሉ እረዳዎታለሁ» አሉ። «በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

የወርቅውሃን እጅ ነሡ፤ ክንፉን እጅ ነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ባለቤቶቹ እንዳደረጉ ወደ ኋላ ተራመዱ። ደፉ ላይ የተከመረውን የቤተሰብ ጫማ ሁሉ፣ የሊሊን ስኒከርና የመንገሻን የዝናብ ቦት፣ አንዱንም ሳይነኩ አልፈው ወጡ። ክንፉ ያን አረማመድ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ሊሊ እንደ ወጉ ጓዳ ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ነው ብላ ብዙም አላሰበችበት። መንገሻማ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንገቱ ከሸሚዙ ወጥቶ ነበር። ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፣ አንድ ሎርድ እንዳስወጣ፣ ሎርዱም ቅዳሜ ተመልሰው እንደሚመጡ ነገረ።

ቅዳሜ ደረሰ። የመኪና መግቢያው ታጠበ፣ ክትፎው ታዘዘ። ያቺ ወንበር መኝታ ቤት ገብታ ተደበቀች፤ ሎርዱ በዚህኛው ዙር ሳይወዱ በግድ ይቆማሉ። ክንፉ ሱፉን ለብሶ በጊዜ መጣ። ተቀመጡ። መኪና ባለፈ ቁጥር መንገሻ ሁለት ጣት አስገብቶ መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋል፤ አንዱ ፖስተኛ ሆነ፣ አንዱ ለጎረቤት ፒዛ ያመጣ ሆነ።

«መንገድ ተዘጋግቶባቸው ይሆናል» አለ ክንፉ።

«ይሆናል።»

«ወይም ወደ ኋላ እየተራመዱ ከሆነ ከሳን ሆዜ ይቆያሉ።»

ክትፎው ጠቆረ፣ ክንፉ ከራቫቱን ፈታ። በመጨረሻ መንገሻ ሀብቱ ጋ ደወለና ሽማግሌዎቹ የት እንደቀሩ ጠየቀ። ሀብቱ ለራሱም ግራ ገብቶት ነበር። ሎርዱ ሞንተሬይ ወደሚባል ከተማ ወፍ ሊያዩ ሄደዋል አለው።

በማግስቱ ሊሊ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ቆመች፤ ያን ጊዜ ነው የወርቅውሃ ነገሩ መክፋቱን ያወቀችው። ሊሊ አማርኛዋንና እንግሊዝኛዋን እየቀላቀለች ሁሉንም ነገረቻቸው። ኔድ ለአባቱ ነገሩ ወግ ብቻ መሆኑን፣ አይሆንም ማለት ሌላ ቀን ኑ ማለት መሆኑን አስረድቷቸዋል። ሎርዱ አልሰማ ብለዋል። አንድ አባወራ በገዛ ቤቱ፣ በአስተርጓሚ ፊት፣ በግልጽ ቋንቋ አይሆንም ብሎኛል ብለዋል። ቃልህ ቃል አይደለም ብዬ ተመልሼ ደጁን ባንኳኳ ሰውየውን መስደቤ ነው፤ አይሆንምን የሚያነሣው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው ብለዋል።

መንገሻ በዚህ ንግግር ደስ ይበለው ይዘን አላወቀም። ቃሉን እንዲህ ያከበረለት ሰው በሕይወቱ አላጋጠመውም፤ ሚስቱ እንኳ አይሆንም ሲላት እሺ እንዳለ ነው የምትቆጥረው። ግን የሴት ልጅ አባት ሄዶ የወንድ በር ያንኳኳበት ዘመን የት አለ?

«ልጄን ተሸክሜ ልዙር?» አለ። «እሳቸው ይመጣሉ እንጂ እኔ አልሄድም።»

«ኦኬ» አለች ሊሊ። «ሲቲ ሆል ለመፈራረም አፖይንትመንት ይዘናል። ሐሙስ ነው። ወይ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፣ ወይ ማናችሁም አትመጡም። የአንደኛችን አባት ቀርቶ ፎቶ አልነሳም።»

«ሠርጉስ?»

«የምን ሠርግ፣ አባዬ? አንተ እኮ አይሆንም ብለሃል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት መንገሻ መኪናው ውስጥ አሳለፋቸው። ሻንጣ ያነሣል፣ ያወርዳል፤ ተሳፋሪው ጉርሻ ሲሰጠው ሳያይ ኪሱ ይከተዋል። ታክሲ በሚነዳበት ዘመን ሊሊ ትምህርት በሌላት ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አብራው ትዞር ነበር፤ ሒሳብ የሚቀበለው እሱ ነው፣ «ታንክ ዩ» የምትለው እሷ ናት። ያቺ ልጅ ሐሙስ ልትዳር ነው፤ እሱ የቀረበት ምክንያት ሲጠየቅ «ወንበሬ ላይ ተቀመጡብኝ» ሊል ነው። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያወራው አለ። ደግሞ ክንፉ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ቆሻሻ ሲያወጣ «ዛሬስ ሎርድ አስወጣህ?» ይለዋል።

መቼም ሰው ሳይልክ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሀብቱን ወደ ሳን ሆዜ ላከው። ሀብቱ ሎርዱን አግባብቶ፣ በራሳቸው ፈቃድ የመጡ አስመስሎ ሊያመጣቸው ነበር። ማታ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«እንዴት ሆነ?» አለው መንገሻ።

«ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ። የእናቴን ስም አልረሱም።»

«ስለ ጉዳዩስ?»

ሀብቱ ቆቡን አወለቀ። «ስለ ጉዳዩ... እንግዲህ ወታደር ቤት ላይ ነበር ያቆምነው። እሱን ጨረስንላቸው።»

ረቡዕ የወርቅውሃ ሥራ አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥለቱን አስተካክላ፣ የመኪና ቁልፍ ከመስቀያው አነሣች። መንገሻ ወዴት እንደሆነ ጠየቃት።

«ሳን ሆዜ። አማቾቼን ልተዋወቅ።»

«እኔስ?»

«አንተ ቤት ጠብቅ። ሽማግሌ ከመጣ ደውልልኝ።»

መኪናው ሳይነሣ ሮጦ ገባ። አንድ እግሩ ላይ ያለው ካልሲ ከሌላው ጋር አይሄድም ነበር። ሄይዋርድ ላይ ሀብቱን ከቢሮው አወጡት። ቀሪውን መንገድ መንገሻ የሚናገረውን ይለማመዳል፤ አይሆንም ማለቱን ሳያምን አይሆንምን የሚያነሣ ዓረፍተ ነገር ሊፈጥር ይታገላል። እያንዳንዱን ሲጨርስ የወርቅውሃን በዓይኑ ይጠይቃታል፤ እሷ ፍሬቻ አሳይታ መስመር ትቀይራለች።

የኔድ አፓርትመንት በር ሲከፈት መንገሻ ያየውን አላመነም። ሎርድ ትሬንዊክ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ ወገባቸው ላይ ፎጣ ታጥቀው ብርጭቆ እያጠቡ ነው። ከበስተኋላቸው ሶፋ ላይ የተጣጠፈ አንሶላና ትራስ አለ። ያን ሁሉ ጭስ ማውጫ ትተው የመጡት ሰው የሚያድሩት እዚያ ነው። ወንበር ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ላይ የኔድ ብስክሌት ጎማ ተቀምጧል። ሊሊና ኔድ ከማድ ቤቱ ጥግ ቆመው ያያሉ።

ሎርዱ እጃቸውን አድርቀው የወርቅውሃን እጅ ነሡ። መንገሻ ቆመ። ሎርዱም ቆሙ። መንገሻ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀው ዓረፍተ ነገር ከእነ ማሠሪያ አንቀጹ ጠፋው። የእንግዳቸውን ላብ ያዩት ሎርድ፣ መሄጃ ያጣ ሰው አይተው ስለሚያውቁ፣ መንገድ ቀደዱለት።

«አቶ መንገሻ» አሉ፣ «ባለፈው ጊዜ ትርጉሙ ላይ አንድ የጎደለ ነገር ነበር ይሆን?»

ሁሉም ወደ ሀብቱ ዞረ።

ሀብቱ ደነገጠ። ያሉትን ነው ያልኩት ብሎ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማለ። አይሆንምን አይሆንም ብሎ እንደተረጎመ፣ ለዚህም ክንፉ ምስክሩ እንደሆነ ተናገረ። እውነቱን ነው። መንገሻ እውነቱን መሆኑን ያውቃል፤ ሎርዱም ያውቃሉ፤ ከማድ ቤቱ ጥግ ያሉት ልጆችም ያውቃሉ። ይሁንና መንገሻ የተከፈተለትን በር አየው። እንደ ፊታውራሪ ልጅ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ያን ቅዳሜ ጠፍቶት በነበረው እንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ሳይሰብር፣

«ሎርድ ትሬንዊክ፣ ምን ይደረጋል» አለ፣ «ሀብቱ ጥሩ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ግን ትንሽ ያስቸግረዋል።»

የሎርዱ አንድ ቅንድብ ከፍ አለና ተመለሰ።

«ምንም አይደለም» አሉ። «በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣ ባስፈለገ ጊዜ ያልተሳሳተ አስተርጓሚ ይዤ ሄጄ አላውቅም።»

ተጨባበጡ። ሊሊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ኔድም አላወቀ። ሀብቱ ብቻ የብስክሌቱን ጎማ አንሥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ስንት ትዳር ያቆመ ሰው፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ ወደቀ ተብሎ በመላው የቤይ ኤርያ ሐበሻ ዘንድ ሊወራበት ነው። ነገ ኢንሹራንስ ማን ይገዛዋል? ይህን ሁሉ ለየወርቅውሃ በሹክሹክታ አማረረላት።

«ለማስታረቅ መጥተህ የለ» አለችው። «ይኸው አስታረቅክ።»

የቀረው ቀላል ሆነ። ሐሙስ ሁሉም ሲቲ ሆል ይገኛል፤ ድግሱ ደግሞ በየወገኑ ተመክሮበት በሌላ ቀን ይደረጋል። መንገሻ አዳራሽ ሲመርጥ፣ የሚጠራውን ሰው ሲያበዛ፣ ፊቱ እየተመለሰ መጣ። ፊታውራሪውንም አነሣቸው። ሎርዱ በአክብሮት አዳመጡ፤ የት እንደዘመቱ ጠየቁት፤ መንገሻ ወሬውን ወደ አዳራሹ መለሰው።

ሊሰነባበቱ ሲሉ ሎርዱ መነጽራቸውን አድርገው እስክሪብቶ አወጡ። በእሳቸው አገር ልጅ ሲታጭ በጋዜጣ ማስታወቅ ወግ ነው አሉ፤ የዚህ ማዕረግ ባለቤት የእገሌ ልጅ፣ የዚያ ማዕረግ ባለቤት የእገሌን ልጅ አጨ እያለ ባጭሩ ይወጣል። የራሳቸውን ጻፉ፤ ከነሜዳልያው ጥቂት መስመር ፈጀ። ቀጥሎ ቀና አሉ።

«አቶ መንገሻን ማን ብዬ ላስገባቸው?»

መንገሻ ተነሥቶ ቆመ። የሹትል ነጂ የሚለው አንድ ጊዜ መጣለት፣ መለሰው። የፊታውራሪው የልጅ ልጅ ልጅ የሚለው መጣለት፤ ወደ ሀብቱ ቢያይ ሀብቱ ለመተርጎም ፈቃደኛ የሆነ ሰው ፊት አልነበረውም። ጉሮሮውን ጠረገ። ሎርዱ እስክሪብቷቸውን እንዳነሡ ይጠብቃሉ።

«የሊሊ አባት ብለው ይጻፉት» አለች የወርቅውሃ፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ እየመለሰች። «ያንንም ቢሆን የተሾመው ገና ዛሬ ነው።»